የሃይሉክስ የፊት ፍሬን፦ ሸራና ዲስክ ስለመምረጥ የተከፈተ ክር ከነምላሾቹ

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረክ ላይ ያለውን ውይይት፣ የከፈተው ሰው የ2012 እ.ኤ.አ. ሥሪት ቶዮታ ሃይሉክስ ቪጎ ያሽከረክራል። መኪናው ደብል ጋቢና፣ 2.5 ሊትር ናፍጣ፣ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) የሌለው ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ከ700 እስከ 800 ኪሎ የግንባታ ዕቃ ጭኖ ይመላለሳል። ሦስት ችግር ዘርዝሯል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፍሬን ሲያዝ መሪው ይንቀጠቀጣል። ዓባይ በረሃን ወርዶ ድልድዩ ጋ ሲቃረብ ፔዳሉ እየሰመጠ ወለሉን ሊነካ ይደርሳል፤ ደጋግሞ ሲረገጥ ትንሽ ይመለሳል። በቀኝ የፊት ጎማ በኩል ደግሞ የውስጠኛው ሸራ፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ የሚጨብጠው፣ 3 ሚሊሜትር ሲቀረው የውጭው ገና 7 ሚሊሜትር አለው። ይህን ሁሉ ጽፎ የጠየቀው ግን ስለ ዕቃ ብቻ ነው። ሴራሚክ ሸራ ይሻላል ወይስ ሴሚ ሜታሊክ? ዲስኩ ቀዳዳና ቦይ ያለው ይሁን ወይስ ደፍኑ? አሮጌውን ዲስክ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላግስ፣ ማለትም ገጹን አስፍቆ ማስተካከልስ ያዋጣል?

ክሩ ረጅም ነው፤ መሐሉ ላይም ክርክሩ ስለሚበዛ ዋናው ነገር በቀላሉ ያመልጣል። ተመሳሳይ መኪና ይዞ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው እንዳያመልጠው ምላሾቹን በቁጥራቸው አስከትያለሁ፤ የእኔ አስተያየት ባለበት ቦታ የእኔ መሆኑን እናገራለሁ።

ምላሽ 1 በሰላምታ ጀምሮ ሳያቅማማ ሴራሚክ ይግዛ አለ። ምክንያቱ ሦስት ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ቸርኬውን በጥቁር አቧራ አያለብስም፣ ዲስክም አይበላም። ዲስኩን በተመለከተ ቀዳዳ ያለው በደንብ ይቀዘቅዛል ብሎ መክሯል።

ምላሽ 2 በዚህ ተስማምቶ የገበያውን ነገር ጨመረ። ሶማሌ ተራ ለአንድ ሃይሉክስ ሦስት ዓይነት ሸራ እንደሚቀርብ ጻፈ፤ በቶዮታ ካርቶን የታሸገው፣ የታወቀ የፍሬን ፋብሪካ ስም ያለበት፣ እና ስሙ በማይታወቅ ካርቶን የሚመጣው ርካሽ። ዕቃ ከማስወጣት በፊት የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር ይዞ መሄድ ይሻላል ብሏል። ቪጎ ባለ ሁለት ጎማ ጉተታና ባለ አራት ጎማ ጉተታ፣ እንዲሁም እንደተላከበት አገር፣ የሸራውም የዲስኩም መጠን ይለያያልና። የቶዮታ የፊት ሸራ ቁጥር በ04465፣ የፊት ዲስክ ቁጥር በ43512 ይጀምራል፤ ለዚህ የሃይሉክስ ቤተሰብ ቀጥሎ የሚመጣው 0ኬ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት አኃዞች ናቸው ዕቃው የዚያ መኪና መሆን አለመሆኑን የሚለዩት፤ ሻጭ በግምት ሲሰጥ የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው።

ምላሽ 3 የክሩን አቅጣጫ ቀየረ። የጻፈችው ሴት መካኒካል መሐንዲስ መሆኗ ከአጻጻፏ ይታወቃል። ጠያቂው የዘረዘራቸው ሦስቱ ምልክቶች የሦስት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ የሸራ ዓይነት መቀየር ከሦስቱ አንዱንም ለብቻው አያድንም አለች። ፔዳሉን እንዲህ አስረዳች። ሸራው ከመጠን በላይ ግሎ መያዝ ሲያቅተው ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ ይቀራል፤ እግር በሙሉ ኃይል ይጫናል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ፔዳሉ የሚሰምጠው የፍሬን ዘይቱ ሲፈላ ነው። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ ስለዚህ የእግሩ ጉልበት ካሊፐሩ (በፒስቶን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ጋ ሳይደርስ እንፋሎቱን ሲያጨማድድ ይቀራል። ጠያቂው የጻፈው ሁለተኛውን ነው። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሳለ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ የሚጠብቅበት 140 ብቻ ነው። ዶት 4 አዲሱ 230፣ ውሃ የጠጣው 155 ነው። ዘይቱ እርጥበትን ከአየር ስለሚስብ ማንም ውሃ ባይጨምርበትም በጊዜ ብዛት ይጠጣል። የጠያቂው ዘይት መቼ እንደተቀየረ ሳይታወቅ ሴራሚክ ወይስ ሴሚ ሜታሊክ ብሎ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው ብላ ዘጋች።

ያችው ሴት ስሌት ደግሞ ከታች አስቀምጣለች። ከጎሐ ጽዮን ጫፍ እስከ ዓባይ ድልድይ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወደ 1,400 ሜትር ይወረዳል። ከነጭነቱ 2,800 ኪሎ የሚመዝን ሃይሉክስ በዚህ ቁልቁለት 38 ሜጋጁል ያህል ጉልበት አራግፎ ነው ድልድዩ የሚደርስ። ያንኑ መኪና ከ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ጊዜ ለማቆም 0.7 ሜጋጁል ይበቃል። አየሩና ሞተሩ የሚወስዱት ድርሻ አለ፤ ሹፌሩ ማርሽ ካልተጠቀመ ግን እስከ 50 ድንገተኛ ማቆም ሊደርስ የሚችል ሙቀት ዕረፍት ሳይኖረው ዲስኩ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ከክሩ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዞ መውጣት ቢኖርብኝ የምይዘው ይህን ስሌት ነው።

ምላሽ 4 ጠያቂው ራሱ ነው፤ ቅር ያለው ይመስላል። የጠየቀው ዕቃ ምርጫ እንጂ የመኪናው ምርመራ እንዳልሆነ፣ ዘይቱንም ጋራዡ በየጊዜው እንደሚሞላለት ጻፈ። መሙላትና መቀየር አንድ አለመሆናቸውን ወዲያው ሁለት ሰዎች ነገሩት፤ ምላሽ 5 በጨዋ አነጋገር፣ ምላሽ 6 ግን ትንሽ ሸንቆጥ አድርጎ። የ6ኛው ቁም ነገር ዘይቱ የሚጎድለው ሸራው ሲሳሳ ፒስቶኑ ወደ ውጭ ስለሚወጣ መሆኑ ነው። ሸራ ሳይታይ ዘይት የሚሞላ ጋራዥ የሸራውን ማለቅ ከባለቤቱ ይሸፍንበታል፤ አዲስ ሸራ ሲገባ ደግሞ ዘይቱ ሞልቶ ይፈስሳል፣ የነካውንም ቀለም ይልጣል።

ምላሽ 7 ወደ ሸራው ምርጫ መለሰን፤ በእኔ ግምት ስለ ሸራ ከተጻፉት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። የካርቶኑን ስም ትቶ የሸራውን ጠርዝ ማየት ይገባል አለ። ጠርዙ ላይ ከፋብሪካው መለያ ቀጥሎ ሁለት የላቲን ፊደሎች ይታተማሉ። የመጀመሪያው ሸራው በመጠነኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው በከፍተኛ ሙቀት ያለውን የመያዝ አቅም ይናገራል። ኢ ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ ከ0.45 እስከ 0.55 ነው። ኤፍ ኢ የተጻፈበት ሸራ ከተማ ውስጥ መልካም ሆኖ ሲግል ይወርዳል፤ ቁልቁለት ለሚወርድ መኪና አይሆንም። ኤፍ ኤፍ ሲግልም ባለበት የሚቆይ ነው። ጂ ያለበት ይበልጥ ይነክሳል፤ ነገር ግን ከኋላው ፍሬን ጋር ያለውን ሚዛን ሊያዛባ ስለሚችል በርጥብ አስፋልት ላይ ባዶ መኪና የፊት ጎማውን ቶሎ ይቆልፋል። በአውሮፓ ደንብ የተፈተነ ሸራ በክብ ውስጥ ኢ ፊደልና የአገር ቁጥር፣ አጠገቡም 90 አር የሚል ምልክት አለው፤ ደንቡ ሸራው ከመኪናው የመጀመሪያ ሸራ አቅም ከ15 በመቶ በላይ እንዳይርቅ ያስገድዳል።

ምላሽ 8 ይህን አመስግኖ በአንድ ነገር አረመው። ሁለቱ ፊደሎች የሚገኙት ከሸራው ተቆርጦ በወጣ 2.5 ሴንቲሜትር ገደማ በሆነ ቁራጭ ላይ በቤተ ሙከራ በሚደረግ ፍተሻ ነው። ሸራው ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ፣ ከብረት ጀርባው ይላቀቅ አይላቀቅ፣ ዲስክ ይብላ አይብላ ፊደሎቹ አይናገሩም። ቀጥሎ ወደ ምላሽ 1 ዞሮ ሴራሚክ ለሁሉም መኪና ይሻላል የሚለውን ነቀፈ። ለቤት መኪና የሚመረጠው ዝምታውና ንጽሕናው ጭነት ለሚያወርድ መኪና የመጨረሻው ቁም ነገር ነው። ሴሚ ሜታሊክ ውስጡ ብዙ ብረት ስላለ ሙቀትን በደንብ ይችላል። የሚከፈልበት ዋጋም አለው፤ ዲስኩን ቶሎ ይበላል፣ ጠዋት ሲቀዘቅዝ ይጮኻል፣ ሙቀቱንም በፒስቶኑ በኩል ወደ ዘይቱ ያሻግራል። ስለዚህ አሮጌ ዘይት ላይ ሴሚ ሜታሊክ መግጠም የምላሽ 3ን ችግር ያባብሰዋል። ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሸራና ዘይት አብረው መታየት እንዳለባቸው ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ምላሽ 9 ስለ ዲስኩ ነው፣ አጭርና ቁርጥ ያለ። ቀዳዳ ያለው ዲስክ ለሥራ መኪና አይገዛም። ቀዳዳው የሙቀት ጭንቀት የሚሰበሰብበት ቦታ ስለሆነ ስንጥቁ ከዚያ ይነሣል፤ ብረት ስለተቀነሰም ዲስኩ የሚይዘው ሙቀት ያንሳል። በኮረኮንችና በጭቃ መንገድ ደግሞ ቀዳዳው በደለል ይደፈናል። ቦይ ብቻ ያለው የሸራውን ገጽ ያጸዳል፣ ሸራ ግን ይፈጃል። ደፍኑ፣ መሐሉ አየር ማስተላለፊያ ክንፎች ያሉት፣ ክብደቱ ከአሮጌው አዲስ ሳለ ከነበረው የማያንስ ዲስክ ይበቃል። ርካሽ ዲስክ በሚዛን ይለያል ብሎ ጨረሰ፤ ግድግዳው የሳሳ ዲስክ መጠኑ አንድ ሆኖ በኪሎ ይቀንሳል።

ከ10 እስከ 13 ያሉት ምላሾች የቶርኖ ጠብ ናቸው። ምላሽ 10 አሮጌ ዲስክ ማስላግ ዘመናት የተሠራበት ነው፣ አዲስ ዲስክ አስመጪን ለማበልጸግ ነው የሚገዛው አለ። ምላሽ 11 ይህን ዓይነት ምክር ሰው ይገድላል ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ ስድብ ተጀመረ። የመድረኩ አስተናጋጅ ሁለት ጽሑፍ ሰርዞ በምላሽ 12 ሁሉም ወደ ቁጥር እንዲመለሱ አሳሰበ። ቁጥሩን ያመጣው ምላሽ 13 ነው። ዲስኩ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ መሐሉ ባለው ባርኔጣ ጎን፣ የመጨረሻው ውፍረት በሚሊሜትር ተቀርጾ ይገኛል። ለምሳሌ አዲሱ 25፣ ማለቂያው 23 የሆነ ዲስክ በጠቅላላው የሚበላለት 2 ሚሊሜትር ነው፤ ከእያንዳንዱ ፊት 1 ሚሊሜትር ብቻ። ቶርኖው ሸራው የፋቀውን ጭረት ለማጥፋት ከእያንዳንዱ ፊት 0.3 ቢያነሣ 0.6 ሄደ ማለት ነው። 24.2 የሆነ ዲስክ ተልጎ 23.6 ሲገባ ሕጋዊ ነው፤ ግን አንድ ሸራ ሳይጨርስ ከማለቂያው በታች ይወርዳል። የሳሳ ዲስክ ቶሎ ይግላል፣ በዚያው ልክ ዘይቱን ቶሎ ያፈላል። ስለዚህ ምላሽ 13 ለማስላግ አልተቃወመም፤ ከተላገ በኋላ ቢያንስ 1 ሚሊሜትር ከማለቂያው በላይ ካልቀረ ገንዘቡ ለአዲስ ይዋል ነው ያለው። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ።

ያው ምላሽ 13 አለካኩን ሲያስረዳ ብዙዎች የሚሳሳቱበትን ቦታ አሳይቷል። ያረጀ ዲስክ ዳር ዳሩ ላይ ሸራው የማይደርስበት ከንፈር ይቀራል። ካሊብሮ (ባለ ጥርስ የውፍረት መለኪያ) ዝም ብሎ ሲያዝ ጥርሶቹ የሚያርፉት በዚያ ባልተበላው ከንፈር ላይ ነው፤ ስለዚህ ያለቀ ዲስክ አዲስ መስሎ ይነበባል። ማይክሮሜትር ከሌለ ሁለት አንድ ዓይነት ሳንቲሞች ይወሰዱ። መጀመሪያ ሁለቱ ተደራርበው ይለኩ። ከዚያ አንዱ በፊት፣ አንዱ በጀርባ ከከንፈሩ ገባ ብለው ሸራው በሚሄድበት መንገድ ላይ ይያዙና ካሊብሮው በሳንቲሞቹ ላይ ይጭመቅ። ከተነበበው ላይ የሳንቲሞቹ ውፍረት ሲቀነስ የዲስኩ እውነተኛ ውፍረት ይገኛል። ከጠርዙ 10 ሚሊሜትር ገባ ብሎ ዙሪያውን ስምንት ቦታ መለካት ይገባል። በዚህ ዘዴ ማለቅ አለማለቁ ይታወቃል እንጂ መንቀጥቀጡ አይመረመርም፤ መሪ የሚያንቀጠቅጠው የውፍረት ልዩነት 0.02 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ እሱ ማይክሮሜትር ይፈልጋል።

ምላሽ 14 መንቀጥቀጡን ይዞ ቀጠለ። ዲስክ ተጣመመ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ሃቡ (ዲስኩና ጎማው የሚታሰሩበት የመሐል ክፍል) ላይ ቀጥ ብሎ ስላልተቀመጠ የሚመጣ ነው። በሃቡና በዲስኩ መሐል የቀረ የዝገት ቅርፊት ዲስኩን ጥቂት ያዘነብለዋል፤ ዲስኩ በዞረ ቁጥር አንድ ቦታ ላይ ሸራውን እየነካ ይበላል፣ ከጊዜ በኋላም ውፍረቱ ይለያያል። ለዚህ ነው አዲስ ዲስክ ተገጥሞ ከጥቂት ወራት በኋላ መንቀጥቀጡ የሚመለሰው። ሃቡ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ይጸዳ፤ በተለይ በቡሎኖቹ ሥር ያለው ዙሪያ። ሌላው ጥፋት የጎማ ዳዶ አጠባበቅ ነው። በአየር መፍቻ በየተራ አንድ በአንድ የተጨቆነ ዳዶ ዲስኩን ያጣምመዋል። የሃይሉክሱ ስድስት ዳዶዎች በእጅ ከተያዙ በኋላ ትይዩ ትይዩውን እየተሻገሩ፣ በሁለት ዙር፣ በቶርክ ቁልፍ እስከ 105 ኒውተን ሜትር ይጠብቁ።

እዚህ ላይ ክሩ ትንሽ ተንሸራተተ። ምላሽ 15 ከአሜሪካ የጻፈ ነው፤ እዚያ የሚሸጠው ቶዮታ ታኮማ የሃይሉክስ ወንድም ስለሚመስል ዲስክና ሸራ በሻንጣ ይላክ ወይ ብሎ ጠየቀ። ምላሽ 16 መኪኖቹ ስማቸውም አካላቸውም የተለያየ ነው፣ የፍሬን ዕቃቸው አይገጥምም፣ አይላክ አለ። የአሜሪካ ሸራ ላይ ከሁለቱ ፊደሎች ቀጥሎ የሚታየው ኤ፣ ቢ ወይም ኤን ስለ መያዝ አቅም ሳይሆን ስለ መዳብ መጠን መሆኑንም ጨመረ፤ ኤን ማለት ከ0.5 በመቶ በታች መዳብ ማለት ነው። ከዱባይ የጻፈው ምላሽ 17 ደግሞ የባሕረ ሰላጤው ገበያ ስለሆነ ብቻ ዕቃው እውነተኛ ነው ብሎ የሚያምን እንደሚታለል ጻፈ። የሐሰት ሸራ መለያ ብሎ የዘረዘረው ጠቃሚ ነው። አራቱም ሸራዎች ጠርዛቸው ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍና አንድ ዓይነት የምርት ቁጥር ሊኖራቸው ይገባል። ሸራውና የብረት ጀርባው የሚገናኙበት መስመር በጥፍር ሲሄዱበት ክፍተት ሊኖረው አይገባም። የብረቱ ጠርዝ በቀለም ተሸፍኖ ከሥር ዝገት ካለበት ያ ብረት ያገለገለ ነው፤ አሮጌ ጀርባ ላይ አዲስ ሸራ ተለጥፎበታል። እንዲህ ያለው ሸራ ሲግል ከጀርባው ተገንጥሎ ይወድቃል፤ ዲስኩን የሚይዘው ያን ጊዜ ባዶ ብረት ነው።

ምላሽ 18 ማንም ያላነሣውን የኋላ ጎማ አነሣ። ጭነት እንዲችል ባሌስትራ (ጭነት የሚሸከም የኋላ ሞላ ብረት) የተጨመረበት መኪና መሆኑን ጠያቂውን ጠየቀው። ኤቢኤስ የሌላቸው ብዙ ሃይሉክሶች ከኋላ አክሰሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ ቫልቭ አላቸው፤ የኋላው አካል በጭነት ሲወርድ ቫልቩ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይሰጣል። ባሌስትራ ሲጨመር አካሉ ከፍ ብሎ ስለሚቀር ቫልቩ መኪናው ባዶ ነው ብሎ ግፊቱን ይቀንሳል። 800 ኪሎ ጭኖ የሚወርድ መኪና የኋላ ፍሬኑ ሳይሠራ ሁሉም ሸክም ፊት ላይ ይወድቃል፤ የፊት ዲስክ የሚቃጠለው፣ ዘይቱም የሚፈላው በዚህ ነው። የዘንጉ ርዝመት በመኪናው ማንዋል መሠረት እንደገና መስተካከል አለበት፤ በዓይን ግምት አይደለም። የኋላ ታምቡር (በኋላ ጎማ በዲስክ ፈንታ ያለው ክብ የፍሬን ቤት) ሸራ ርቆ ሲቀመጥም ውጤቱ ያው ነው።

ምላሽ 19 ወደ ሹፌሩ ዞረና ነገሩ እንደገና ሞቀ። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ ቁልቁለት መውረድ የፍሬኑን ሁሉ ችግር እንደሚያመጣ ጻፈ፤ ቁጣው ይታያል፣ እኔም አልፈርድበትም። ቁጠባውም ሐሰት ነው ይላል። ይህ ሞተር በማርሽ እየወረደ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ነዳጁን ይዘጋል፤ ማርሽ ሲወጣ ግን እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት አለበት። ከጎሐ ጽዮን ጫፍ ላይ፣ ገና ሳይወረድ፣ 2ኛ ወይም 3ኛ ማርሽ ይያዝ። ፍሬን ጠበቅ አድርጎ ለጥቂት ሰከንድ ተረግጦ ፍጥነቱ ሲወርድ ሙሉ በሙሉ ይለቀቅ፤ ቀስ ብሎ ረግጦ ኪሎ ሜትሮችን መጎተት ዲስኩ የሚቀዘቅዝበትን ፋታ ያሳጣል።

ምላሽ 20 ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነገር አከለ። የፍሬኑ አጋዥ (የእግርን ጉልበት የሚያበዛው ክፍል) የሚሠራው በውጭው አየር ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ አጋዡም በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ፔዳሉም ጠንከር ይላል። ሰው ይህን የሸራ ድክመት አድርጎ ጂ ሸራ ይገዛል። የናፍጣ ሞተሩ የቫኪዩም ፓምፕና ቱቦው ደህና መሆናቸው አስቀድሞ ይታይ። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉ እስኪጠነክር ተደጋግሞ ይረገጥ፣ ከዚያ እንደተረገጠ ሞተሩ ይነሣ፤ ፔዳሉ ትንሽ ወረድ ካለ አጋዡ ይሠራል።

ምላሽ 21 ጠያቂው ተመልሶ የመጣበት ነው፤ በዚህኛው ቁጣ የለበትም። በሳንቲም ዘዴ ለክቶ የግራ ዲስክ 23.4፣ የቀኙ 23.1 ሆኖ አገኘ፤ የተቀረጸው ማለቂያ 23 ነው። በቀኝ ካሊፐር ላይ የፒስቶኑ የአቧራ ላስቲክ ተቀዶ ፒስቶኑ ዝጓል፤ ዘይቱ ቡና መስሏል። ባሌስትራም ተጨምሯል። ለምላሽ 3 ምስጋና አቅርቦ አሁን ምን ልግዛ ብሎ ጠየቀ።

ምላሽ 22 በዝርዝር መለሰለት። ሁለት ደፍን ዲስኮች፣ ቀኙ ብቻ አይቀየርም፤ ሁለቱ ፊቶች እኩል ካልያዙ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታልና። አንድ ሙሉ የፊት ሸራ፣ አራት ፍሬ፣ ቢያንስ ኤፍ ኤፍ ያለበት፣ ከነመያዣ ሽቦዎቹና ከጀርባ ቆርቆሮዎቹ። የካሊፐር ላስቲክ ኪት ለሁለቱም ጎን፤ የዛገው ፒስቶን ገጹ ከተበላ በብርጭቆ ወረቀት አይዳንም፣ ይቀየራል። 1 ሊትር ዶት 4፣ ካርቶኑና ክዳኑ ያልተከፈተ። ሃይድሮሊክ ወይም የካምቢዮ ዘይት በፍጹም፤ ላስቲኮቹን ያሳብጥና ፍሬኑ እንደተያዘ ይቀራል። ተራ ግራሶም እንዲሁ ላስቲክ ያሳብጣል፤ ለሚንሸራተቱ ክፍሎች የሚገባው ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ግራሶ ነው። ዶት 5 የሚለውንም እንዳይገዛ አስጠነቀቀ፤ ሲሊኮን ነው፣ ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም።

ሥራውን ደግሞ በቅደም ተከተል ጻፈ። አሮጌው ዲስክ ከሃቡ አልለቅ ካለ በመዶሻ ከመደብደብ በፊት ዲስኩ ላይ ያሉት ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች ይታዩ፤ 8 ሚሊሜትር ቡሎን በሁለቱም ተራ በተራ ሲጠብቅ ዲስኩን ገፍቶ ያወጣዋል። ካሊፐሩ በፍሬን ቱቦው ላይ አይንጠልጠል፣ በሽቦ ይታሰር። ፒስቶኑ ወደ ውስጥ ሲገፋ የአየር ማስወጫው ቡሎን ተከፍቶ ቆሻሻው ዘይት በቱቦ ወደ ዕቃ ይውጣ እንጂ ወደ ላይ አይመለስ። አዲሱ ዲስክ ከዝገት የሚከላከልለት ዘይት ስላለው በፍሬን ማጽጃ፣ ከሌለ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ፤ በናፍጣ የታጠበ ዲስክ ሸራውን ያበላሻል። አቧራው በኮምፕረሰር አይነፋ፤ አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። አየር ማስወጣቱ ከማስተር ሲሊንደሩ (ከፔዳሉ ተያይዞ ዘይቱን ከሚገፋው ክፍል) ከራቀው ይጀመር፤ የቀኝ ኋላ፣ የግራ ኋላ፣ የቀኝ ፊት፣ የግራ ፊት። ንጹሕ ዘይት እስኪመጣ ይቀጥል። መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ ይረገጥ፤ የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ነው፣ ይህን ረስቶ ከጋራዥ የወጣ ሰው ከፊቱ ያለውን መኪና ይገጫል።

ምላሽ 23 አንድ ነገር ጎድሏል አለ፤ ትክክል ነው። አዲስ ሸራና አዲስ ዲስክ ወዲያው ዓባይ በረሃ አይገባም። ጭነት ሳይኖር፣ ባዶ በሆነ አስፋልት ላይ፣ ከ60 ወደ 20 ኪሎ ሜትር በመካከለኛ እርግጫ አሥር ጊዜ ያህል ይቀንስ፣ በመሐሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይነዳ። ሙሉ በሙሉ አይቆም፤ በጋለ ዲስክ ላይ ቆሞ ፔዳል መርገጥ ሸራው በአንድ ቦታ ላይ እንዲያትም ያደርጋል፣ መንቀጥቀጡ በዚያው ይጀምራል። ከዚያ ፍሬን ሳይነካ አሥር ደቂቃ ያህል ተነድቶ ይቀዝቅዝ። የእጅ ፍሬንም እስኪቀዘቅዝ አይሳብ።

ምላሽ 24 የአሁኑ መጨረሻ ነው፤ የቫልቩን ዘንግ ሳያስተካክል ሸራ ከገጠመ በሚቀጥለው ክረምት ያንኑ ጥያቄ ይዞ እንደሚመጣ ለጠያቂው ጽፎለታል፤ የኋላ ታምቡሮቹን ከፍቶ ዲያሜትራቸውን ከውስጥ ተቀርጾ ካለው ከፍተኛ ቁጥር ጋር አመሳክሮ ልኬቱን እዚህ እንዲያስቀምጥም ጠይቆታል። ጠያቂው እሑድ ከፍቶ እንደሚለካ መልሷል።